ከኮርኒስ በላይ

ቤት ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚታየን ግድግዳው፣ በሩና ጣሪያው ነው። ከጣሪያው በታች፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍል ግን ትዝ አይለንም። ከሳሎኑም ከመኝታውም የሚሰፋው እርሱ ነው፤ ግድግዳ ሳይከፋፍለው ከቤቱ ዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ሆኖም በር የለው፣ መስኮት የለው፣ መብራት የለው። ስም እንኳ በወጉ አላወጣንለትም፤ «ኮርኒስ ውስጥ» ብለን እናልፈዋለን። በገጠር ቤት ቆጥ የሚባል ነገር አለ፤ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ሰውም ይተኛበታል። ከተማ ገብተን ቤታችንን ቆርቆሮ ስናለብሰው ቆጡ ቀረና በቦታው አቡጀዲ ተወጠረ። ከዚያ ወዲህ ላይኛው ክፍል የአይጥና የሸረሪት ሆነ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ብቻ ቆጥ በሌለበት ከተማ አብሮን ይኖራል።

«አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች» ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ ቆርቆሮ ይታየኛል። ነገሩ የቃል ጨዋታ ነው፤ በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ቤቶች ከጥቂቶቹ በቀር ሳር ክዳን ነበሩ። ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በአጋሰስ ጀርባ ተጭኖ፣ አስቀድሞ ያለበሰው የቤተ መንግሥቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የመኳንንቱን አዳራሽ ነው። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ጭነቱ ቀለለና ወደ ነጋዴውም ወደ ተራው ሰው ግቢም ወረደ። ባለ ቆርቆሮ መሆን ማዕረግ ሆነ። በዚህ በማንም ላይ አልፈርድም። ሳር እሳት ይበላዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ተባይ ይራባበታል፣ በየጊዜው አዲስ ክዳን ይጠይቃል። ቆርቆሮ ይህን ሁሉ አስቀረልን። አብሮ ያስቀረው ነገር ግን አለ። ወፍራም የሳር ክዳን በአገዳዎቹ መካከል አየር ቆልፎ ይይዛል፤ ብርዱንም ሐሩሩንም የሚያግደው ሳሩ ሳይሆን ይህ የታሰረ አየር ነው። በእርሱ ፋንታ የመጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብረት ነው። ሻጮቹ «ባለ 35»፣ «ባለ 32»፣ «ባለ 28» ይሉታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። ይህን ግልባጭ ሒሳብ ያልሰማ ሰው ትልቅ ቁጥር የገዛ መስሎት ስሱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ኮርኒስስ? ኮርኒስ የተሠራው ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለም። እንግዳ ቀና ሲል ባህር ዛፉንና የዛገውን ምስማር እንዳያይ ነው። የደኅናው ቤት ቺፕውድ ነው፤ የመካከለኛው አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ ነው፤ ያነሰው ደግሞ የማዳበሪያ ኬሻ እርስ በርሱ ተሰፍቶ ነው። ደላላው «ኮርኒስ አለው» ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ ጠይቆ ቤት የተከራየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የአዲስ አበባ ብርድ የሚከፋው በክረምት አይደለም። በክረምት ደመናው ራሱ ብርድ ልብስ ነው። ብርዱ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት እንደ ፈንድሻ በሚፈነዱባቸው ሌሊቶች ነው። ቀን የጋለው ቆርቆሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱን ወደዚያ ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል፤ ሌሊቱ ሲገፋ ከዙሪያው አየር እንኳ በልጦ ይቀዘቅዛል። ከታች ደግሞ እኛ እንተነፍሳለን፣ ሻይ እናፈላለን። ሞቃቱና እርጥቡ አየር በአቡጀዲው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛውም ጠብ ጠብ ይላል። በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ በኮርኒሳችን ላይ ቡናማ ካርታ የሚሥለው ይህ ነው። «ቆርቆሮዬ ያፈሳል» ብሎ በታኅሣሥ ጣሪያው ላይ ሠራተኛ የሰቀለ ስንቱ ነው! የሚያፈሰው የገዛ ትንፋሹ ነበር።

እናቴ የምትኖርበት ቤት ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። አያቴ በ1946 ዓ.ም. ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው፤ የባህር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በግቢው ውስጥ ይከራዩ የነበሩት ሁለት ክፍሎች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤት ተብለው ተወሰዱ፤ ዋናው ቤት ቀረልን። ግድግዳውን አልማውም። ሰባ ዓመት አልፎት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጭቃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይሰጣል። ችግሩ የተሰጠው ሙቀት የሚያርፍበት ማጣቱ ነው። ሳሎኑ በ1985 ዓ.ም. ቺፕውድ ሆኗል፤ የእናቴ መኝታ ቤት ግን እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በአቡጀዲ ነበር። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ኖራ ስለሚቀባ ከጨርቅነት ወደ ቅርፊትነት ተለውጧል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ጎረቤት ደወለችልኝ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ራሷን ይዛ ታስመልሳለች። ሌሊት ብርዱ አላስተኛ ሲላት የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ተኝታ ነበር። ከሰል ነጭ አመድ ከለበሰ በኋላ ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ «ጠርቷል» ይባላል። የሚገድለው ግን ያ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው እንቅልፍ ያሸነፈው ይመስለዋል። በብርድ ወራት እንደተኙ ስለቀሩ ሰዎች የማንሰማበት ዓመት የለም። እናቴን ያተረፋት ለሽንት መነሣቷ ነው። ሐኪሙ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ አሳድሮ ሲሸኛት «ሁለተኛ ከሰል ወደ መኝታ ቤት እንዳይገባ» አላት። እሷም «ብርዱንስ ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችው። ወጣቱ ሐኪም ዝም አለ። መቼም በሐኪም ማዘዣ ላይ ኮርኒስ አይጻፍም።

ታላቅ ወንድሜ ወዲያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ መጣ። አንድ ሳምንት ሞከርነው። መብራት በሚኖርበት ሌሊት የቤቱ አሮጌ ሽቦ አልችል እያለ ይቆረጣል፤ ሽቦው በቻለበት ሌሊት መብራት የለም። ሁለቱም በተገጣጠሙበት ሌሊት ደግሞ ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ፣ አቡጀዲውን አልፎ፣ ቆርቆሮውን ነክቶ ይጠፋል። «በእኛ ቆጣሪ እንጦጦን እያሞቅን ነው» አልኩት። እንግዲህ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን እናልብሰው የሚለውን ሐሳብ ያነሣሁት ያን ዕለት ነው።

ወንድሜ ሳቀ። «ለሚፈርስ ቤት?» አለ።

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሒሳብ ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. የምናውቀው ፒያሳ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሲሆን ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ በከተማችን ምስማር የሚመታ ሰው ሁሉ አንድ ጆሮው ውጭ ነው። ቀለም ሊቀባ ያሰበ ይተወዋል፣ በር ሊቀይር ያሰበ «እስቲ ይታይ» ይላል። እንዲህ እያለ አንድ ቤት ይፈርሳል ተብሎ ሳይጠገን ይቀራል፤ አልተጠገነም ተብሎ ደግሞ ይፈርሳል። ወንድሜ ገንዘቡን ባንክ እናስቀምጠው፣ ምናልባት እናቴ ኮንዶሚኒየም ብትከራይ አለ። እናቴን ከጉለሌ፣ ከዕድሯና ከደጇ ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ከከሰሉ የሚሻል አልመስልህ አለኝ። «ቤቱ መቼ እንደሚፈርስ አላውቅም፤ ብርዱ ግን ዛሬ ማታ ነው» አልኩት። በግማሽ ልቡ ተስማማ።

ያልቆጠርናት እናቴን ነበር። «ሳሎኑን እንደፈለጋችሁ፤ የእኔ ኮርኒስ አይነካም» አለች።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሳሎኑ ቺፕውድ ሲሆን አናጢው ከላይ ወደ እርሷ ክፍል ወገን እንዳይሻገር ከሥር ቆማ ትጠብቀው እንደነበር አባቴ እየሳቀ ያወራ ነበር። ምክንያቱንም በከፊል እናውቃለን። አጎቴ በ1969 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተመለሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ። በመጋቢት ወር የቤት ለቤት አሰሳ ሊጀመር ነው የሚል ወሬ ሲነፍስ እሱና እናቴ አልጋው ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በርጩማ አቆሙ። አቡጀዲውን በግድግዳው ጥግ በኩል በምላጭ ሰነጠቁት። በጆንያ የተጠቀለሉ መጻሕፍትና በማባዣ የተባዙ ወረቀቶችን፣ «ዴሞክራሲያ» የሚባለውንም ጋዜጣ፣ ወደ ውስጥ ገፍተው አስገቡ። ከዚያ እናቴ በነጭ ክር መልሳ ሰፋችው፤ ኖራም ቀባችው። ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ፈታሾቹ መጡ፣ የእህል ጎተራ ሳይቀር አዩ። አንደኛው በዱላ ኮርኒሱን ቢጎነትለው የኖራ ቅርፊት ዓይኑ ውስጥ ገባበት፤ እየተሳደበ ወጣ። እናቴ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

የማትስቅበት ቀጥሎ ያለው ነው። በኅዳር 1970 ዓ.ም. አጎቴ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። «ስመለስ አወርደዋለሁ፤ አንቺ እንዳትነኪው» አላት። አልተመለሰም። የት እንደደረሰም የነገረን ሰው የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስተኛ፣ ከራስጌያችን በላይ ከግድግዳው ጥግ የሚሄደውን ስፌት በዓይኔ እየተከተልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ከኖራው ሥር ስፌት ስፌቱ እንደ ጠባሳ ይታይ ነበር።

እሷን ያግባባት እኔም ወንድሜም አይደለንም። በዚያው ታኅሣሥ ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ደርሶ ሰዉን በሌሊት ከአልጋው ሲያስነሣ፣ የእናቴ ኮርኒስ ስፌቱ ላይ ተተረተረ። ስልክ ደወለች። ስለ መንቀጥቀጡ አላነሣችም። «ወረቀት እየዘነበብኝ ነው» አለችኝ። ስደርስ አልጋዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ የወረቀት ብጥስጣሾች ተበትነዋል። አላራገፈቻቸውም። «አናጢውን ጥሪው» አለች። «ቀድመሽ የምትወጪው ግን አንቺ ነሽ።»

አናጢው ስድሳ የሚጠጉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው። መሰላሉን አቁመው፣ ባትሪ ሰጥተውኝ፣ «ባህር ዛፉን ብቻ ርገጪ፤ በመካከሉ ከረገጥሽ እትዬ አልጋ ላይ ነው የምታርፊው» አሉኝ። ወጣሁ። አንገቴን ሳስገባ መጀመሪያ የታየኝ ሰማይ ነው። ቆርቆሮው በአሮጌ ምስማር ቀዳዳዎች ተበሳስቶ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል። በዓይኔ ሥር ያለው ነገር ሁሉ በጥላሸትና በአቧራ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ የቆርቆሮ ትራፊ፣ ባዶ የዘይት ጣሳ፣ የደረቀ የተርብ ቤት። ሽታው የአይጥ ሽንትና የድሮ ጭስ ነው። ጆንያውን በባትሪ ፈለግሁት፤ ያገኘሁት ማሰሪያውን ገመድ ነው።

ከገመዱ አጠገብ፣ በሁለት ወራጆች መካከል፣ መሶብ የሚያህል ጎጆ አለ። አይጦች የሠሩት ነው። ጆንያውን ወደ ቃጫ መልሰውታል፤ መጻሕፍቱንና ወረቀቶቹን በጣጥሰው፣ ለስላሳውን ወደ ውስጥ፣ ሻካራውን ወደ ውጭ አድርገው ደልድለውታል። ትልቁ ብጣሽ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው። በአንዳንዱ ላይ የማባዣ ማሽኑ ቀለም አለ፤ ሁለት ፊደል፣ ሦስት ፊደል፣ ቃል የሚሞላ ግን የለም። ሳይበላ የተረፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማኦ ቀይ መጽሐፍ የፕላስቲክ ሽፋን፤ ዳር ዳሩ ተነክሶ፣ ውስጡ ባዶ። እጄን ጎጆው ውስጥ ከተትኩ። ሞቀኝ። ባለቤቲቱ ገና መውጣቷ ነበር። በዚያ ጣሪያ ሥር በወጉ የለበሰ አንድ ክፍል ነበረ ማለት ነው።

ጎጆውን በሰፌድ አውርጄ ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ምስር እንደሚለቀም ብጣሾቹን አንድ በአንድ እየገለጠች ታያለች። የእጁን ጽሑፍ ነበር የምትፈልገው። ጋሼ መዶሻቸውን አስቀምጠው ግቢ ወጥተው ሲጋራ ለኮሱ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በኋላ ቀና አለችና «ሌሊት ሌሊት ሲንኮሻኮሽ እየሰማሁ ወረቀቱ አለ እል ነበር» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ቀዩን ሽፋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የቤቱ ካርታ በሚቀመጥበት መሳቢያ ከተተችው። ሰፌዱን ይዛ ወደ ጓሮ ስትሄድ አልተከተልኳትም።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ፤ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፣ ለሌላ ባለ ቆርቆሮ ይጠቅም ይሆናልና። ጋሼ የጤፍ ጭድ ይሁን አሉ። ርካሽ ነው፣ ይሞቃልም። ግን እሳት ይወዳል፣ አይጥም ይወደዋል፤ በአይጥ ነገር ደግሞ በቅቶናል። ሰጋቱራ ይከብዳል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ እሳትም ይይዛል። ፎም ቀላል ነው፤ ከተቃጠለ ጭሱ መርዝ ነው። እኔ በልቤ የተመኘሁት የመንዝ በግ ጠጉር ነበር። ባናና ዝተት የሚሠራው ሕዝብ ሱፍ ብርድ እንደሚያግድ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም። ግን ብሉን ማን ይጠብቀዋል? በመጨረሻ መርካቶ ወርደን በጥቅል የሚሸጠውን የብርጭቆ ሱፍ ገዛን። ሻጩ «ለየትኛው ፋብሪካ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ለመኖሪያ ቤት፣ ያውም ለጭቃ ቤት ነው ስንለው ዓይን ዓይናችንን አየ። የብርጭቆ ሱፍ እሳት አይይዝም፤ ገላ ግን ያሳክካል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን የግድ ነው። ጋሼ ጓንቱን ንቀው ሁለት ቀን ሲያኩ ከረሙ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከሁሉ በፊት ሽቦው ተቀየረ። ሱፍ በላዩ የተኛበት ሽቦ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፤ አርባ ዓመት ያገለገለ፣ ልባሱ የተሰነጣጠቀ ሽቦን ማልበስ እሳት መቅበር ነው። ስለዚህ አዲሱ በፕላስቲክ ቱቦ ገባ። ቀጥሎ አቡጀዲው ወረደ፤ ሞራሌ ተመትቶ ቺፕውድ ተለጠፈ። በላዩ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሱፍ፣ በሳሎኑም በመኝታውም በኩል፣ ክፍተት ሳይተው ተዘረጋ። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። እሳቸው ሱፉን ጫን ጫን አድርገው ጣውላውን በላዩ ሊመቱት ፈለጉ፤ «ጠበቅ ሲል ነው የሚሞቀው» ይላሉ። የተጨመቀ ሱፍ ግን አየሩን ያወጣል፤ አየር ከሌለው ጨርቅ ነው። ጋቢ ሲደርቡ እንጂ ሲጨመቅ እንደማይሞቅ ስነግራቸው ገባቸው። ጣውላው ከሱፉ ከፍ ብሎ በሞራሌ ላይ፣ ያውም በመካከለኛው ግድግዳ አናት ብቻ፣ ሰው ተጎንብሶ የሚሄድበት ያህል ተመታ። የሰባ ዓመት ባህር ዛፍ ከዳር እስከ ዳር ጣውላና ዕቃ ልሸከም አይልም።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ሱፉ የሚለብሰው ኮርኒሱን እንጂ ቆርቆሮውን አይደለም። ከሱፉ በላይ ያለው ቦታ ብርድ ሆኖ ይቀራል፣ ይቅርም። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ አየር የሚገባበት ክፍት ካልተተወ ያ ጤዛ ሱፉ ላይ እየረገፈ ያበሰብሰዋል። ጠርዙን ክፍት አድርገን ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ መታንበት፤ አየር ይግባ፣ አይጥ አይግባ። ስመጨረሻ በኮሪደሩ ላይ ማጠፊያ ያለው ክዳን፣ ከሥሩም የሚንቀሳቀስ መሰላል ተሠራ። ክዳኑን የጠየቀችው እናቴ ናት። «ሁለተኛ ጨርቅ ቀድጄ የምሰፋበት ዓይን የለኝም» ብላ።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ነገሩን ሰምታ ደወለች። እዚያ ለአሮጌ ቤት ጣሪያ የሚመከረው 27 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሥሩ አልበቃ ብሏት ሳቀች። ልዩነቱ የሙቀቱ ምንጭ ነው። እነሱ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ማሞቂያ አላቸው፤ ሱፉ የሚያግደው የማሽኑን ሙቀት ነው። በእኛ ቤት የሚነድ ነገር የለም። ያለው የተኛ ሰው ገላ ነው፤ የተኛ ሰው ገላ ደግሞ ከአንድ ባለ 60 ሻማ አምፖል ያላነሰ ሙቀት ይሰጣል። ግድግዳው ቀን ከፀሐይ የጠጣው ሲጨመርበት ለአንድ አሮጊት መኝታ ቤት ደኅና ነው። ሱፍ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን አይሰርቅም፣ ያ ነው።

ሥራው ሳይጀመር ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 10 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ በዚያው ሰዓት 14 አሳየ። አራት ዲግሪ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ እናቴ ግን ሁለተኛውን ብርድ ልብስ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ጉልበቷንም እያሸች መነሣቷ ቀነሰ። የከሰል ምድጃው በረንዳ ላይ ቀረ። ይህን አጥብቀን ተነጋግረንበታል፤ ቤት በለበሰ ቁጥር መተንፈሻው ይቀንሳልና በለበሰ ቤት ውስጥ ከሰል ከድሮው የባሰ ገዳይ ነው። መስኮቱ ራስጌ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳም ወንድሜ ብርድ ታስገባለች ብሎ ሊደፍናት ሲል ተጣልተን ተረፈች። ወጪውን እስከ ዛሬ «የሞኝ ገንዘብ» ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከሳሎኑ ይልቅ እናቴ ክፍል ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግርጌዋ ጋደም ይላል።

በመጋቢት እዚያ አድሬ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ የበሩ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ ነቃሁ። እናቴ ጋቢዋን ደርባ በሩን ከፍታለች፤ ውጭ የበልግ ዝናብ ይወርዳል፤ ከበረንዳው ጫፍ ውኃው እንደ ክር ተሰድሯል። የጎረቤቱ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይደልቃል። የእኛ ጣሪያ ከሩቅ እንደሚፈጭ ወፍጮ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ይዘንባል እንዴ?» አለችኝ። «ልብስ አስጥቼ ነበር እኮ።»

«ግቢ እማዬ፣ ብርድ ነው» አልኳት።

«ቆይ» አለች፤ ወደ በረንዳው አንድ እርምጃ ወጣ ብላ ቆመች።